«ሃርድ ዲስኩ አብቅቶለታል» የተባለው ስቱዲዮ፦ የአንድ ሳታ ኬብል ጉዳይ በጅማ

ጅማ ውስጥ የቪዲዮ ስቱዲዮ ሥራ የሚጠነክረው ሰርግ ካለፈ በኋላ ነው። ቡናው ተሸጦ፣ ድግሱ ተደግሶ፣ ሙሽሮቹ ከገቡ በኋላ የቤተሰቡ ጥያቄ አንድ ብቻ ይሆናል፦ «ቪዲዮው መቼ ይደርሳል?» ይሄ ጉዳይ የተፈጠረው እንዲህ ባለ ወቅት፣ ሄርማታ አካባቢ ባለ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። እኔ በኮምፒውተር ጥገና ነው የምተዳደረው። ጉዳዩን ከመነሻው እስከ መጨረሻው የምጽፈው ጤነኛ ሃርድ ዲስኮች «ሞተዋል» እየተባሉ ሲጣሉ ስለማይ ነው። ነገሩ ያንገበግበኛል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዲስኩ ሳይሆን ዲስኩን ከማዘርቦርድ (ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ገመድ፣ ሳታ ኬብል የሚባለው ነው።

ችግሩ እንዴት ይታይ ነበር

ስቱዲዮው ኤዲት የሚሠራው በአንድ ዴስክቶፕ ላይ ነው። ውስጡ ዊንዶውስና የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ የተጫኑበት ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚዞር አካል የሌለው ፈጣን ማከማቻ አለ። የሰርግ ቀረጻ የሚከማችበት ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ አለ። ማንም የማይነካው አሮጌ ዲቪዲ ድራይቭም አለ። ሦስቱም በሳታ ኬብል ነው የተገናኙት።

ችግሩ ባለ 4 ቴራባይቱ ላይ ነበር። ኤዲት የሚሠራው ልጅ ፋይል ኮፒ ሲያደርግ መጀመሪያ ደህና ይሄዳል። ከዚያ ድንገት ፍጥነቱ ዜሮ ላይ ይወርዳል፣ ኮምፒውተሩም ይደርቃል። ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ድራይቩ ከናካቴው ይጠፋል፤ ሪስታርት ሲደረግ ተመልሶ ይመጣል።

ከእኔ በፊት ያየው ባለሙያ ፈርዶበት ሄዷል። «ባድ ሴክተር ይዞታል፣ አብቅቶለታል፤ አዲስ ግዙ። ፋይሉን ለማውጣት አዲስ አበባ ይላክ» ብሏቸዋል። ሴክተር ዲስኩ ዳታ የሚጽፍባት ትንሽ ክፍል ናት፤ ስትበላሽ ባድ ሴክተር ትባላለች። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የብዙ ቤተሰብ ሰርግ የያዘ ዲስክ በሻንጣ ጠቅልሎ በአውቶቡስ መላክ ለማንም ቀላል ውሳኔ አይደለም። ዳታ የማውጣት ዋጋውም አዲስ ዲስክ ከመግዛት በላይ ነው።

የስቱዲዮው ባለቤት ፎቶ በጨለማ ክፍል ይታጠብ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ በዚህ ሥራ የቆዩ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ከመላኬ በፊት አንተም አንድ ጊዜ እይልኝ። የሰው አደራ ነው እጄ ላይ ያለው» ብለው ደወሉልኝ።

«ጋሼ፣ እስክመጣ ድረስ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያቆዩልኝ። ማንም ፎርማት እንዳያደርገው፣ ስካንም እንዳይጫንበት» አልኳቸው።

ይሄንን ያልኩት ለማስፈራራት አይደለም። ዊንዶውስ «ስካን አድርጌ ላስተካክል?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ሰው እሺ ይላል። ያ ፕሮግራም ግን ዲስኩ ላይ ይጽፋል። መስመሩ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ በተበላሸ መስመር ላይ እየተጻፈ ደህናው ፋይልም አብሮ ሊበላሽ ይችላል። መጀመሪያ መስመሩ ይጣራ፤ ከዚያ ፋይሉ ይገልበጥ፤ ጥገናው ከዚያ በኋላ ነው።

ቁጥሮቹ ምን አሉ

ማንኛውም ሃርድ ዲስክና ኤስኤስዲ ስለራሱ የጤና መዝገብ ይይዛል። ስማርት ይባላል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም መዝገቡን አውጥቶ ያሳያል። ከፈትነው። ከላይ «ጉድ»፣ በእንግሊዝኛ «ደህና ነው» የሚል ሰማያዊ ምልክት አለ። ልጁ ገረመው፤ «ሞቷል ተብሎ እንዴት ጉድ ይላል?» አለ።

እዚህ ላይ አራት መስመሮችን ማየት ይበቃል። 05 የሚለው፣ ተበላሽተው በመጠባበቂያ ቦታ የተተኩ ሴክተሮችን ይቆጥራል። ሲ5 ሊነበቡ አልቻሉም ተብለው የተጠረጠሩትን ይቆጥራል። ሲ6 ተሞክረው ያልተሳኩትን ይቆጥራል። እዚህ ዲስክ ላይ ሦስቱም ዜሮ ናቸው። ባድ ሴክተር ያለው ዲስክ እነዚህን ዜሮ አያሳይም።

አራተኛው ሲ7 ነው። አልትራ ዲኤምኤ ሲአርሲ ኤረር ካውንት ይሉታል። እዚያ ላይ «4ቢ2» የሚል ቁጥር ቆሟል። ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን ሲያሳይ በአሥራ ስድስት መሠረት ስለሆነ ፊደል ይቀላቅላል፤ ከሴቲንጉ ውስጥ ወደ ተለመደው አቆጣጠር መቀየር ይቻላል። ሲቀየር 1202 ሆነ።

ሲአርሲ ምን እንደሆነ ለጋሼ ያስረዳሁት በቡና ጭነት ነው። ጫኙ ከመጋዘን ሲያስወጣ ስንት ጆንያ እንደሆነ ወረቀት ላይ ጽፎ ይልካል። ተቀባዩ ሲያወርድ እንደገና ይቆጥራል። ካልገጠመ ጭነቱን አይቀበልም፤ «ድገም» ይላል። በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል የሚሄድ እያንዳንዱ የዳታ ጥቅል እንዲህ ያለ ማረጋገጫ ቁጥር ተሸክሞ ነው የሚጓዘው። ሲ7 የሚቆጥረው ያልገጠመበትን ጊዜ ነው። ጆንያው መጋዘን ውስጥ ደህና ነበር፤ የጎደለው መንገድ ላይ ነው። እዚህ መንገዱ ኬብሉ ነው፣ ከሁለቱ ጫፎቹ ጋር።

ደርቆ ቆይቶ የሚቀጥለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥቅሉ ተመልሶ ይላካል፣ እንደገና ይላካል፣ መጨረሻ ላይ ዊንዶውስ ትዕግሥቱ ያልቅና መስመሩን ሪሴት ያደርገዋል። ዊንዶውስ ያጋጠመውን ችግር የሚመዘግብበት ኢቨንት ቪውር ውስጥ ገብተን ስናይ ቁጥር 129 የሆነ መልዕክት ተደርድሯል፤ «ለመሣሪያው ሪሴት ተሰጥቷል» የሚል። ሰዓቱን ልጁ «ደረቀብኝ» ካለባቸው ሰዓቶች ጋር አስተያየነው። ገጠመ።

ሌላም ምልክት ነበር። ፕሮግራሙ ትራንስፈር ሞድ በሚለው ቦታ ሁለት ነገር ያሳያል፦ አሁን እየሠራበት ያለውን ፍጥነትና ዲስኩ የሚችለውን። እኛ ያየነው «ሳታ/300 | ሳታ/600» ነው። ዲስኩ በሰከንድ 6 ጊጋቢት ይችላል፣ የተያያዘው ግን በ3 ነው። ማዘርቦርዱ ደግሞ 6 የሚችል ፖርት ነው ያለው። መስመሩ ሲያስቸግር ሁለቱ ወገኖች ዝቅ ባለ ፍጥነት ይስማማሉ።

የኃይል ጉዳይም መጣራት ነበረበት። ጅማ መብራት ይሄዳል ይመጣል፤ ፓወር ሰፕላይ የደከመበት ኮምፒውተርም ልክ እንዲህ ዲስክ ያጠፋል። ግን ለዚህም መዝገቡ መልስ አለው። ዲስኩ ስንት ጊዜ እንደበራ የሚቆጥር ቦታ አለ። ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ዲስኩ ብቻ ኃይል አጥቶ ተመልሶ ቢነሳ ይህ ቁጥር ከፍ ይል ነበር። ቁጥሩን ያዝነው፣ ልጁ ኮፒ ጀመረ፣ ደረቀ፣ ድራይቩም ጠፋ፤ ሪስታርት አድርገን ስናየው ቁጥሩ አልተነካም። ዲስኩም ሞተሩ ሲቆምና ሲነሳ የሚያሰማውን ድምፅ አላሰማም። ሲ7 ግን ጨምሮ ነበር። ኃይል ነው የሚለው ጥርጣሬ እዚያ ላይ ቀረ።

ከዲቪዲው የተወሰደው ኬብል

አሁን ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ገበያ መውጣት ሳያስፈልገን ደህና ኬብል እዚያው ኬዙ ውስጥ ነበር፤ ዲቪዲ ድራይቩ ላይ ተሰክቶ የተረሳው። ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ የመጣ፣ የብረት ሎክ ያለው፣ ብዙም ያልተነካካ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ፣ ከሶኬት ነቅዬ፣ የኬዙን ብረት ነካ አድርጌ ጀመርኩ። የዲስኩን ኬብል አውጥቼ የዲቪዲውን በቦታው ሰካሁ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ፖርት አልቀየርኩም፣ የዲስኩንም ፓወር አልነካሁም። አንድ ነገር ብቻ መቀየር አለበት። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከተቀየረ የትኛው እንደፈወሰው አይታወቅም።

ተነሳ። ትራንስፈር ሞዱ «ሳታ/600 | ሳታ/600» ሆነ። ኮፒው ተጀመረ። 2 ቴራባይት ገደማ ፋይል ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ሲወጣ፣ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢሄድ እንኳ ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። መብራት ቢሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ላይ አያይዘን ተውነው። ጋሼ ወንበራቸውን አስጠግተው ስክሪኑ ላይ ተተከሉ፤ ሂዱ ብንላቸውም እምቢ አሉ። ኮፒው አልደረቀም። ሲያልቅ ሲ7 በጀመረበት ቁጥር ላይ ነው ያለው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ አንድ እርምጃ እጨምራለሁ፤ ምክንያቱም ኬብል ነቅሎ መሰካት በራሱ የላላን ጫፍ ሊያስተካክል ይችላል። የተጠረጠረውን ኬብል ምንም ዳታ በሌለው ባለ 500 ጊጋባይት አሮጌ ዲስክ ላይ ሰካሁት። የዚያ ዲስክ ሲ7 ዜሮ ነበር። ትልልቅ ፋይል ስንጭንበት ኮፒው መንተፋተፍ ጀመረ፤ ቁጥሩም ከዜሮ ተነስቶ ወጣ። ጥፋቱ ኬብሉን ተከትሎ ሄደ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ክርክር የለም።

ኬብሉን በስልክ መብራት አየነው። ቀይ፣ ቀጭን፣ ሎክ የሌለው ነው። በዲስኩ በኩል ያለው ጫፍ ላይ፣ ኤል ቅርጽ ያለው ፕላስቲክ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። ስትሰካው በጣት ነካ ብታደርገው ይወዛወዛል። ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ገመዱ እንደ ወረቀት ታጥፏል፤ እጥፋቱ ላይ ልባሱ ነጭ ሆኗል። የኬዙ ክዳን ሲዘጋ እየተጫነው ነው እንዲህ የሆነው።

«ይሄ ኬብል ስንት ጊዜ ይነቀላል?» ብዬ ልጁን ጠየቅኩት።

«ኧረ ሁሌ ነው። ደንበኛ የድሮ ኮምፒውተሩን ሃርድ ዲስክ አውጥቶ ያመጣል፣ ‹ቪዲዮውን እዚህ ጫንልኝ› ይላል። እሱን ነቅዬ የደንበኛውን እሰካበታለሁ።»

ምክንያቱ ይሄ ነው። ለኮምፒውተር ውስጥ የሚያገለግል የሳታ ኬብል ጫፍ በመስፈርቱ መሠረት እንዲችል የሚጠበቀው 50 ጊዜ መሰካትና መነቀል ነው። ተሰክቶ እንዲቀመጥ እንጂ እንደ ዩኤስቢ በየቀኑ እንዲመላለስ አልተሠራም። ሥራ በሚበዛበት ስቱዲዮ 50 ጊዜ ማለት ምንም አይደለም።

ኬብሉ ውስጥ ያለው ነገር

ኬብል ሲመረጥ ምን መታየት እንዳለበት ለመረዳት ውስጡን ማወቅ ይጠቅማል።

ከሳታ በፊት የነበረው ሰፊው ጠፍጣፋ ገመድ ነው፤ አሮጌ ኮምፒውተር የፈታ ሰው ያውቀዋል። ባለ 40 ፒን ነበር። የኋለኛው ዓይነት 80 ሽቦ ይይዛል፣ ርዝመቱ ከ46 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠየቃል፣ የመጨረሻ ፍጥነቱም በሰከንድ 133 ሜጋባይት ነው። ሳታ ይሄን ሁሉ በ7 ፒን ተካው። ከ7ቱ ሦስቱ ግራውንድ ናቸው። የቀሩት አራቱ ሁለት ጥንድ ሆነው አንዱ ጥንድ ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። ከጎኑ የሚሰካው ሰፋ ያለው ባለ 15 ፒን የኃይል መስመር ነው።

ፍጥነቱ በሦስት ደረጃ አድጓል፤ መጀመሪያ በሰከንድ 1.5 ጊጋቢት፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው 6። 6 ጊጋቢቱ በተግባር 600 ሜጋባይት በሰከንድ ነው፤ ከሚላከው 10 ቢት ውስጥ ዳታው 8ቱ ብቻ ስለሆነ።

ብዙ ሻጭና ብዙ ገዢ የሚስተው ነገር አለ። የኬብሉ መስፈርት በሦስቱም ደረጃ አንድ ነው። በአግባቡ የተሠራ የ3 ጊጋቢት ዘመን ኬብል 6ንም ይሸከማል። «ሳታ ስሪ ኬብል»፣ ማለትም የ6 ጊጋቢት ኬብል ተብሎ በተለየ ዋጋ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ነው የተለየው። በተቃራኒው፣ 6 ጊጋቢት ተብሎ የተጻፈበት ልል ኬብል ጽሑፉ አያድነውም። ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ ሰማያዊው ቀለምም ስለ ፍጥነት የሚናገረው ነገር የለም።

የፍጥነቱ ጉዳይ በምን ላይ እንደሚሰካ ይወሰናል። በደቂቃ 7200 ዙር የሚዞር ዘመናዊ ሃርድ ዲስክ ደህና ሲሄድ በሰከንድ ከ200 ሜጋባይት ትንሽ ወዲያና ወዲህ ነው። ለእሱ 3 ጊጋቢቱም ይበቃዋል። የሳታ ኤስኤስዲ ግን እስከ 550 ይደርሳል፤ ወደ 3 ሲወርድ ግማሽ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ሁለት ኬብል ኖሮህ አንዱ አጠር ያለና አዲስ ከሆነ እሱን ለኤስኤስዲው ስጠው።

መርካቶ ላይ ምን ገዛን

ከልጁ ጋር እዚያው ጅማ መርካቶ ወዳሉት የኮምፒውተር ዕቃ ሱቆች ሄድን። ሻጩ ሦስት ዓይነት አወጣልን። አንደኛው ልክ እንደተበላሸው ቀይ፣ ሎክ የሌለው፣ 1 ሜትር የሚሆን። ሁለተኛው ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ሁለቱም ጫፉ ቀጥ ያለ፣ ሎክ ያለው፣ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ሦስተኛው እንደ ሁለተኛው ሆኖ አንዱ ጫፉ ወደ ጎን የታጠፈ።

«ወንድሜ፣ ረጅሙን ውሰድ፤ ለሁሉም ይደርሳል» አለ ሻጩ። ሰውየው ያለው ለክፋት አይደለም። ግን ለኮምፒውተር ውስጥ የሳታ ኬብል የተፈቀደው ትልቁ ርዝመት 1 ሜትር ነው። የተራ ዴስክቶፕ ኬዝ ውስጥ ከዲስኩ እስከ ማዘርቦርዱ 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ነው። የቀረው ይጠቀለላል፣ ይታጠፋል፣ በክዳኑ ይጨፈለቃል። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ሲግናል በረዘመ ቁጥር ይደክማል። በጣም አጭር ደግሞ ተወጥሮ ጫፉን ይጎትታል። የሚደርሰውን ያህልና ትንሽ ላላ የሚልበት በቂ ነው። እኛ ከቤት ስንወጣ በክር ለክተን ነው የሄድነው። ልጁ ክሩን ከኪሱ ሲያወጣ ሻጩም ተስማማ።

ሎክ ላይ አልደራደርም። ያቺ ትንሽ የብረት ምላስ ዲስኩ በሞተሩ ንቅናቄም ሆነ ኬዙ ሲገፋ ጫፉ ቀስ በቀስ እንዳይወጣ ትይዘዋለች። ግን ሎክ አለው ማለት ይሠራል ማለት አይደለም። ርካሽ ኬብል ላይ ምላሷ ለመልክ የተቀመጠች ትሆናለች። ሱቁ ውስጥ ያለ አሮጌ ማዘርቦርድ አስመጥተን ሰካነው። «ቀጭ» ብሎ መያዝ አለበት። ቀስ ብለህ ስትጎትተው እምቢ ማለት አለበት። ሎክ ካላቸው አንዱ ሳይዝ ቀረ፤ መለስነው። ሲነቀል ደግሞ ምላሷ ተጭና ነው። ሳይጫኑ የሚጎትቱ ሰዎች የማዘርቦርዱን ፖርት ይዘው ይወጣሉ፤ ያኔ ጉዳቱ ከኬብል ያልፋል።

ከዚያ የጫፉ አቅጣጫ። ብዙ ኬዝ ላይ የዲስኩ መሰኪያ ወደ ጎን ክዳን ይዞራል። ቀጥ ያለ ጫፍ ከሰካህበት ክዳኑ ሲዘጋ ገመዱን ይጫነዋል። የእኛ ኬብል የሞተው እዚያ ነው። ስለዚህ ለሃርድ ዲስኩ አንዱ ጫፉ የታጠፈውን ወሰድን። የታጠፈው ጫፍ በዲስኩ በኩል፣ ቀጥ ያለው በማዘርቦርዱ በኩል ይሁን። ማዘርቦርድ ላይ ፖርቶቹ ተደራርበው ስለሚቀመጡ፣ የታጠፈ ጫፍ እዚያ ከተሰካ ጎረቤቱን ፖርት ይሸፍናል። ከመግዛት በፊት እጥፋቱ ወዴት እንደሆነም ማየት ያስፈልጋል። ወደ ላይ የሚታጠፍና ወደ ታች የሚታጠፍ አለ። ዲስኮች ሲደራረቡ አንዱ አቅጣጫ ከላይኛው ጋር ይጋጫል። የዲስኩን ጀርባ በስልክ ፎቶ አንስቶ ይዞ መሄድ ከብዙ ምልልስ ያድናል።

የገመዱ ልባስ ላይ ቁጥር ይታተማል፤ 26 ወይም 30 የሚል፣ የሽቦውን ውፍረት የሚናገር። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል። ለአጭር ርቀት 30ውም ይሠራል፤ ምርጫ ካለ ግን 26 የተሻለ ነው። ጨርሶ ምንም ያልተጻፈበትን እተዋለሁ።

ለኤስኤስዲው ቀጥ ያለውን ገዛን። የዲቪዲውም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ገጠማው

ልጁ ኬዙ እንዲያምር ብሎ ገመዶቹን ሁሉ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥርቅም አድርጎ አስሯቸው ነበር። ዳታው ከፓወሩ፣ ፓወሩ ከፋኑ። ማማሩስ ያምራል። ግን ማሰሪያው ሲጠብቅ ውስጥ ያሉትን ጥንዶች ያጣምማል፤ ጎን ለጎን የተጣበቁ ዳታ ገመዶችም አንዱ የሌላውን ሲግናል ይረብሻሉ። ቆርጠን ፈታነው። አዲሶቹን ሰፋ ባለ ኩርባ አሳለፍናቸው፤ የትም ቦታ ላይ ስለታም እጥፋት የለም። ክዳኑን ከመዝጋታችን በፊት በመብራት አይተን የሚነካው ነገር እንደሌለ አረጋገጥን።

ገመዶቹን ስፈታ ያየሁት አንድ ነገር ግን አስደነገጠኝ። ኤስኤስዲው ኃይል የሚያገኘው ከድሮው ባለ 4 ቀዳዳ ሞሌክስ ወደ ሳታ በሚቀይር ማገናኛ ነው፤ ያውም ጫፉ አንድ ወጥ ሆኖ በቀለጠ ፕላስቲክ የተሞላው ዓይነት። እነዚህ አደገኛ ናቸው። ሲመረቱ ፕላስቲኩ በሽቦዎቹ ላይ ይፈስሳል፤ በዚያ ላይ ሽቦዎቹ ከቦታቸው ሊንሸራተቱ ይችላሉ። 12 ቮልቱ ከ5 ቮልቱ ወይም ከግራውንዱ ጋር ሲቀራረብ ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ፓወር ሰፕላዩ የራሱ ሳታ ገመድ ተርፎት ስለነበር በእሱ ተካነው። ማገናኛ የግድ ከሆነ፣ ሽቦዎቹ ተለያይተው ሲገቡ በዓይን የሚታዩበት፣ ከኋላው ክዳን ያለው ዓይነት ይሻላል። ዳታ ኬብል ሲበላሽ ሥራ ያጓትታል። ይሄኛው ግን ስቱዲዮውን ሊያቃጥል ይችላል።

ለደንበኞች ዲስክ ደግሞ የዩኤስቢ 3 ዶክ እንዲገዙ ነገርኳቸው። ዲስኩ ከላይ ይቀመጥበታል፣ የራሱ የኃይል አዳፕተር አለው፤ ኬዙን መክፈት አያስፈልግም። ለሃርድ ዲስክ ፍጥነቱ ከበቂ በላይ ነው። ጋሼ መጀመሪያ «ሌላ ወጪ ነው» አሉ። «ጋሼ፣ ከማዘርቦርድ ያንሳል» ስላቸው ሳቁና ልጁን ላኩት።

ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው ግን ዲስኩ አንድ ጊዜም ሳይመጣ ከቀረ ነገሩ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ይወቅ። አንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ኤም ዶት ቱ የሚባለው፣ ያለ ኬብል በቀጥታ የሚሰካው ኤስኤስዲ ሲገባ ከሳታ ፖርቶቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ይዘጋሉ። እዚያ ኬብል ብትቀያይር ዋጋ የለውም። የማዘርቦርዱን መመሪያ አይቶ ወደ ሌላ ፖርት መሄድ ነው። የእኛ ዲስክ ግን ይመጣና ይሄድ ነበር።

ከዚያ በኋላ

ሥራው ተጧጡፎ፣ የተጠራቀመው ሰርግ ሁሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ተመልሼ አየሁት። ኢቨንት ቪውር ውስጥ ኬብሉ ከተቀየረ ወዲህ 129 የለም። ትራንስፈር ሞዱ ሳታ/600 ላይ ነው። 05፣ ሲ5፣ ሲ6 ዜሮ ናቸው። ለአዲስ ዲስክ የታሰበው ገንዘብ ለሁለተኛ መጠባበቂያ ዲስክ ዋለ፤ አሁን እያንዳንዱ ሰርግ ሁለት ቦታ ላይ አለ። እኔን በጣም ደስ ያለኝ እሱ ነው።

ጋሼ ግን ሲ7ን እያዩ ቅር አላቸው። «ተስተካክሏል ካልክ ለምን ወደ ዜሮ አልተመለሰም?» አሉኝ።

አይመለስም። ቁጥሩ ዲስኩ ውስጥ ተጽፎ የሚኖር መዝገብ ነው፤ ኬብል ቢቀየርም፣ ፎርማት ቢደረግም አይጠፋም። የሚታየው ብዛቱ ሳይሆን መጨመር ማቆሙ ነው። ስለዚህ ነጭ ፕላስተር ቆርጬ ባዩት ጊዜ የቆመበትን ቁጥርና ቀኑን ጻፍኩበት፤ ከሥሩ «ኬብል ተቀይሯል» ብዬ ጨመርኩ፤ ዲስኩ ጎን ላይ ለጠፍኩት። ነገ ሌላ ባለሙያ ከፍቶ ያንን ቁጥር ቢያይ በዲስኩ ላይ አይፈርድበትም። ከተጻፈው በላይ ሆኖ ካገኘው ደግሞ መጀመሪያ ኬብሉ በደንብ መሰካቱን ይይ፣ ከዚያ የማዘርቦርዱን ፖርት ይቀይር፣ ከዚያም ካልቆመ የዲስኩን መሰኪያ በመብራት ይመርምር።